ወንድምሽ ይሁን

ሎስ አንጀለስ፣ መስከረም 28 ቀን 1965 ዓ.ም.

ንዋይዬ፣

ሰላምታውን ላሳጥረው፤ ደብዳቤህ በጥያቄ የታጨቀ ስለሆነ ቦታ አይበቃኝም። ደህና ነኝ። ወፍሬአለሁ። አዎ፣ ቀለበቴ ጣቴ ላይ ነው፤ የማወልቀው ካፍቴሪያ ሰሃን ሳጥብ ብቻ ነው።

ኮሌጁ ምን ይመስላል ላልከኝ፣ ትንሽ ነው። ተማሪው በሙሉ አንተ ሚኒያፖሊስ ከምትማርባቸው አዳራሾች በሁለቱ ይገባል ብልህ አላጋነንኩም። ከከተማው በስተምሥራቅ ኮረብታ ላይ ነው፤ ጭስ በሌለበት ቀን ባሕሩ ድረስ ይታያል፣ ጭስ የሌለበት ቀን ግን የለም። ክፍል ውስጥ ጠረጴዛ ከብበን ነው የምንቀመጠው፤ አስተማሪው መሀላችን። ሳያነብ የመጣ ሰው መደበቂያ የለውም። ፕሮፌሰር ሃሎራን፣ የታሪክ አስተማሪዬ፣ በየቀኑ “ፋናዬ፣ አንቺስ ምን ትያለሽ?” ይለኛል። መጀመሪያ ሰሞን ላብ ያጠምቀኝ ነበር፤ አሁን ካልጠየቀኝ ቅር ይለኛል። ዓርብ ዓርብ ቤቱ ጠርቶ ሾርባ ያበላናል።

ዘንድሮ የመጨረሻ ዓመት ስለሆንኩ ቴሲስ የሚሉትን የመመረቂያ ጽሑፍ እጽፋለሁ። እዚህ ደንቡ ለየት ያለ ነው። ለእያንዳንዱ ጸሐፊ ከተማሪዎቹ መሀል አንድ አንባቢ ይመደብለታል። አንባቢው የጻፍከውን በየሳምንቱ ያነባል፣ ይነቅፋል፣ በግንቦት ደግሞ ሰው በተሰበሰበበት ቆሞ ይከራከርሃል። የኔ ጽሑፍ እዚህ በልብስ ስፌት ስለሚተዳደሩ ሴቶች ነው። እትዬ ፀሐይወርቅ፣ የእናቴ አብሮ አደግ፣ መሀል ከተማ ስፌት ቤት ስለሚሠሩ ከሥራ ጓደኞቻቸው ጋር ያገናኙኛል። ቅዳሜ ቅዳሜ ፌርፋክስ ሰፈር ቤታቸው ሄጄ አድራለሁ።

በምን ትሄጃለሽ ላልከኝ፣ በአውቶቡስ ሦስት ቦታ መለወጥ ነው፤ ስለዚህ እዚህ የሚማር ሌላ አበሻ ልጅ በመኪናው ያደርሰኛል።

ፋናዬ

ሚኒያፖሊስ፣ ጥቅምት 12 ቀን 1965 ዓ.ም.

ፋናዬ፣

“ሌላ አበሻ ልጅ”! ስም የለውም እንዴ? ክርስትና ሲነሳ “ሌላ አበሻ ልጅ” ተብሎ ነው የተነሳው? ስለ ጠረጴዛ፣ ስለ ሾርባ፣ ስለ ጭስ ስትተነትኚ ቆይተሽ፣ ሰውየው ላይ ስትደርሺ በአንድ መስመር ሹልክ! እኔ ደግሞ ያቺን መስመር ብቻ ነው ደጋግሜ ያነበብኳት።

ተናድጄ አይደለም የምጽፈው። ኧረ ተናድጄ ነው፤ ምን አስዋሸኝ?

ስለ ትምህርቴ ልንገርሽ፣ እኔ ያለሁበት ትምህርት ቤት አይባልም፣ ገበያ ነው። አራት መቶ ሰው አንድ አዳራሽ ውስጥ እንታጎራለን፤ አስተማሪው ከሩቅ ጉንዳን አክሎ ይታያል። ፈተናው ላይ ስም አይጻፍም፣ ቁጥር ነው። አንቺ “ፋናዬ፣ አንቺስ?” ትባያለሽ። እሰይ፣ ደስ ይበልሽ። እኔን ግን እዚህ አገር ከመጣሁ ጀምሮ “ንዋይ፣ አንተስ?” ያለኝ ፍጡር የለም። የሚጠይቁኝ በረዶው በዛብህ ወይ እያሉ ነው።

አሁን በሥርዓት መልሺልኝ። ስሙ ማን ነው? የማን ልጅ ነው? ስትሄዱ ምን ታወራላችሁ? መኪናው ሬዲዮ አለው? ካለው ይክፈተው። ደግሞ በእናትሽ፣ ከኋላ ተቀመጪ። ሽማግሌ ልኬ፣ በአባትሽ ፊት ቀለበት አስሬልሽ የሄድኩ ሰው ነኝ፤ ይህን ያህል መለመን አይከለከልኝም።

ያንቺው ንዋይ

ሎስ አንጀለስ፣ ኅዳር 10 ቀን 1965 ዓ.ም.

ንዋይ፣

በሥርዓት መለስኩ። ስሙ ብርሃነመስቀል ነው። የጉለሌ ልጅ ነው፤ አባቱ ፖስታ ቤት ይሠራሉ። ኢኮኖሚክስ ያጠናል፣ እንደኔ የመጨረሻ ዓመት ነው፤ ትምህርቱን እንደጨረሰ ወደ አዲስ አበባ ይመለሳል። መኪናው ቮልስ ነው፣ ያረጀ። ሬዲዮ የለውም፣ ቢኖረውም በሞተሩ ጩኸት አይሰማም። የምናወራው ስለ ጽሑፍና ስለ ፈተና ነው። ታንቀላፋለህ ብዬ ነው እንጂ ዘርዝሬ በጻፍኩልህ፤ አሰልቺ ነው።

እንዳልከኝ ደግሞ ከኋላ ተቀመጥኩልህ። ጌታዬ፣ ደስ ይበልህ! ብርሃነመስቀል መኪናውን አስነስቶ በመስተዋት እያየኝ “እመቤቴ፣ ወዴት ልውሰድዎ?” አለኝ። ፍሪዌይ ላይ ሞተሩ ሲያጓራ እኔ ከኋላ እጮሃለሁ፣ እሱ ከፊት ይጮሃል። ቤቱ ደጃፍ ፓርክ ስናደርግ እትዬ ፀሐይወርቅ በመስኮት አይተውናል። ገና ሳልገባ “ምነው ልጄ፣ ከዚህ ልጅ ጋር ተጣላችሁ እንዴ?” አሉኝ። ጎረቤታቸውም፣ ዳቦ ቤት ያላቸው አሮጊት፣ “ፍቅር ነው፣ ያልፋል” ብለው አጽናኑኝ። እንግዲህ ከኋላ መቀመጥን ሰው የሚያየው እንዲህ ነው። ከዚያ ወዲህ ከፊት ነው የምቀመጠው።

ከሌላ ሰው ከምትሰማው እኔው ልንገርህ። አንባቢ ተመደበልኝ፤ እሱ ነው። እኔ አልመረጥኩም። በኮሌጁ ያለነው አበሾች ሁለት ብቻ ስለሆንን ፕሮፌሰር ሃሎራን “እናንተ ትግባባላችሁ” ብሎ መደበው። ኢኮኖሚክስ ማወቁ ስለ ሴቶቹ ደመወዝ ለምጽፈው ምዕራፍ ይጠቅመኛል። ትንሽ ኮሌጅ እንዲህ ነው፤ ሁሉም ሰው ሁሉንም ያጋባል፣ ያጣምራል፣ ያቀራርባል። ዲኗ ራሷ “የኛ ኢትዮጵያውያን” እያለች ነው እንግዳ ጋ የምትወስደን።

የፕሮፌሰሩ ሚስት ያነሳችንን ፎቶ ልኬልሃለሁ። አትቆጣ እሺ?

ፋናዬ

ሚኒያፖሊስ፣ ታኅሣሥ 22 ቀን 1965 ዓ.ም.

ፋናዬ፣

ለፈረንጅ ገና ባለመምጣቴ ብታዝኚ አልፈርድብሽም። የማታ ሥራዬን ታውቂዋለሽ፤ በበዓል ሰሞን ፈቃድ የሚሰጠው ልጅና ሚስት ላለው ነው። “እጮኛ አለችኝ” ብላቸው “ታዲያ ስታገባ ትሄዳለህ” አሉኝ። ይቅርታ አድርጊልኝ።

ፎቶውን ግድግዳዬ ላይ ሰቅዬዋለሁ። ምንጣፍ ላይ ቁጭ ብላችሁ ሾርባ ትበላላችሁ። ከጎንሽ ያለው እሱ ነው አይደል? አትንገሪኝ፣ አውቄዋለሁ። ሌላው ሰው ሁሉ ካሜራውን ያያል፣ እሱ ሳህኑን ያያል። ሳህኑን የሚያይ ሰው አልወድም። ቆርጬ ላወጣው መቀስ አንስቼ ነበር፤ ክንድሽ አብሮ ሊቆረጥ ሆነና ተውኩት።

ጓደኞቼ ቀናተኛ ሆነሃል ይሉኛል። አዎ፣ ቅናት ነው፣ ስሙን እኔም አውቀዋለሁ። ሌሊት ያነቃኛል፣ ምግብ አፌ ውስጥ እንጨት እንጨት ይለኛል። ግን የሚያንገበግበኝ መኪናው እንዳይመስልሽ። መኪናውን ለምጄዋለሁ። የሚያንገበግበኝ ማንበቡ ነው። አንቺ ያሰብሽውን፣ የጻፍሽውን፣ የሰረዝሽውን በየሳምንቱ ያነባል። ለኔ በወር አንዴ “ደህና ነኝ፣ ወፍሬአለሁ”! ከተጫጨን ሦስት ዓመት ሊሞላን ነው፤ ዛሬ ጭንቅላትሽ ውስጥ ምን እንዳለ ከኔ ይልቅ የጉለሌው ልጅ ያውቃል።

ስለዚህ ላኪልኝ። እስካሁን የጻፍሽውን ሁሉ ላኪልኝ። እኔም ማንበብ እችላለሁ።

ንዋይ

ሎስ አንጀለስ፣ የካቲት 4 ቀን 1965 ዓ.ም.

ንዋይዬ፣

ይኸው! እንዲህ ደስ ያለኝን ጊዜ አላስታውስም። ያለቀው ሁሉ በታይፕ ተመትቶ ፖስታው ውስጥ አለልህ። አንተ ላንብበው ብለህ ስትጠይቀኝ እንዴት እንደኮራሁ ብታውቅ! ለእትዬ ፀሐይወርቅ ደብዳቤህን አነበብኩላቸው፤ መቀሱን ግን ዘለልኩት።

በተለይ ሦስተኛውን ምዕራፍ አደራ። እትዬ ፀሐይወርቅ በመጡ ሰሞን ቋንቋ ሳይኖራቸው ስፌት ቤቱ ካሉት የሜክሲኮ ሴቶች ጋር እንዴት እንደተግባቡ የጻፍኩበት ነው። ስጽፈው አልቅሻለሁ። ፕሮፌሰር ሃሎራን “ይህ ታሪክ ነው ወይስ ስሜት?” ብሎኛል፤ ይውጣ ይላል። እኔ ይቆይ እላለሁ። አንተ የምትለውን መስማት እፈልጋለሁ፤ የምወስነው ከዚያ በኋላ ነው።

ሠርጉን በሚመለከት አባቴ ጽፈውልኛል። ዲፕሎማዬን በተቀበልኩ ሰሞን፣ የሐዋርያት ጾም ከመግባቱ በፊት፣ ሰኔ 3 እሑድ ይሁን ብለዋል። እዚህ የኛ ቤተ ክርስቲያን ስለሌለ እትዬ ፀሐይወርቅ የግሪክ ኦርቶዶክሶቹን ቄስ አነጋግረው እሺ አሰኝተዋል። ሚዜውን በሚመለከት፣ እዚህ የምናውቀው ሰው ጥቂት ነው፤ አንተው ምረጥ።

የምትወድህ ፋናዬ

ሚኒያፖሊስ፣ የካቲት 25 ቀን 1965 ዓ.ም.

ፋናዬ፣

ጽሑፍሽ ደርሶኛል። ገና ስከፍተው የምስጋናው ገጽ ወጣ። ፕሮፌሰሩን አመስግነሻል፣ ይገባዋል። እትዬ ፀሐይወርቅን አመስግነሻል፣ ይገባቸዋል። የላይብረሪዋን ሴትዮ ሳይቀር አመስግነሻል። ከዚያ፣ “ከሁሉም በላይ አንባቢዬን ብርሃነመስቀልን፤ እሱ ባይኖር ይህ ሥራ ግማሹን ባልሆነ ነበር።” ከሁሉም በላይ! እኔን ፈለግሁ። ከላይ ወደ ታች፣ ከታች ወደ ላይ ፈለግሁ። የላይብረሪዋ ሴትዮ አለች፣ ንዋይ የለም። ከዚያ ወዲያ ማንበብ አልቻልኩም፤ ፊደሉ ሁሉ ዓይኔ ላይ ተደባለቀ።

አሁን ግን ተረጋግቻለሁ፤ መላ አግኝቻለሁ። አንተው ምረጥ ብለሽኝ የለ? መረጥኩ። ለብርሃነመስቀል በኮሌጃችሁ አድራሻ ጽፌ አንደኛ ሚዜዬ እንዲሆን ጠየቅሁት።

አትደንግጪ። የአገራችንን ደንብ ታውቂያለሽ። በኛ ቤት ሚዜ ኮት ለብሶ የሚቆም አሻንጉሊት አይደለም። በሽማግሌ ፊት ቆሞ “ከዛሬ ጀምሮ እህቴ ናት” ብሎ ይምላል። ከዚያ በኋላ ወንድምሽ ነው፤ ብንጣላ ካንቺ ጋር ይቆማል፣ ልጅ ብንወልድ አጎት ነው፣ በሌላ ዓይን ቢያይሽ ግን ነውር ነው፣ ኃጢአት ነው። ይማልልኝ። ከማለ በኋላ በመኪናው ያድርስሽ፣ እስኪደክመው ያንብብልሽ፣ ምስጋናውንም ይውሰድ። ወንድምሽ ይሁንና እኔም እንደ ሰው ልተኛ።

በደብዳቤው ላይ ደንቡን አንድ በአንድ ዘርዝሬለታለሁ። የጉለሌ ልጅ ስለሆነ ይገባዋል።

ንዋይ

ሎስ አንጀለስ፣ መጋቢት 16 ቀን 1965 ዓ.ም.

ንዋይ፣

አዎ፣ ደብዳቤህ ደርሶታል። ፖስታ ክፍል ቆሞ ሲያነበው በሩቅ አይቼዋለሁ። ምን ነበር እንዲያ አድርገህ የጻፍክለት?

ከዚያ ወዲህ ቅዳሜ አይመጣም። “ሥራ በዝቶብኛል” ብሎ ቁራጭ ወረቀት በሩ ሥር ተወልኝ፤ ስለዚህ በአውቶቡስ ነው የምሄደው። በሴሚናር ከጠረጴዛው ማዶ ይቀመጣል፤ ሲናገር ፕሮፌሰሩን ያያል። ጽሑፌን ማንበቡን አልተወም፤ በፖስታ ሳጥኔ ይመልስልኛል። ነቀፋው እንደ ድሮው ነው። ቀልዱ ግን የለም። ለካ ከዳር ዳር በእርሳስ የሚጽፈውን ቀልድ ለምጄው ኖሯል።

ለእትዬ ፀሐይወርቅ ነገርኳቸው። “ሰው ሚዜ ሁን ሲባል ደስ ይለዋል እንጂ ይሸሻል እንዴ?” አሉ። ከዚያ ስፌታቸውን አስቀምጠው ረጅም ጊዜ አዩኝ። ምን አሰቡ ብላቸው “እኔ ምን አውቄ” ብለው ወሬ ለወጡ።

ንዋይ፣ ዘዴህ አስቀይሞኛል። ወንድም እንደ አጥር አይታጠርም። ግን ከዚህ ይልቅ ያስለቀሰኝን ልንገርህ። እውነት የምስጋናው ገጽ ላይ አቆምክ? የምስጋና ገጽ ለረዳ ሰው ነው፤ አንተን ከላይብረሪዋ ሴትዮ ጋር ላሰልፍህ ነበር? ቀጣዩን ገጽ ብትገልጥ ኖሮ ባዶ ገጽ ታገኝ ነበር፤ መሀሉ ላይ አንዲት ቃል ብቻ አለች። “ለንዋይ” ትላለች። ጽሑፉ በሙሉ ያንተ መታሰቢያ ነው።

ሦስተኛውን ምዕራፍ አወጣሁት። የሚከራከርልኝ አጣሁ።

ፋናዬ

ሚኒያፖሊስ፣ ሚያዝያ 7 ቀን 1965 ዓ.ም.

ፋናዬ ዓለሜ፣

አየኋት። ያቺን ገጽ ከፍቼ አልጋዬ ላይ ቁጭ ብዬ እንደ ሕፃን አለቀስኩ። ምን ዓይነት ደንቆሮ ነኝ! አንድ ገጽ መግለጥ አቅቶኝ! ይቅር በይኝ። በሰሙነ ሕማማት የምሰግደው ለዚሁ ይሁንልኝ። ጽሑፉንም ፈተናዬ እንዳለቀ አነበዋለሁ፣ እምልልሻለሁ።

ግን አንድ ነገር ልናገርና ቆሽቴ ይረፍ። ለምን ዝም አለኝ? እሺ ለማለት ስንት ቀን ይፈጃል? የስምንት ሳንቲም ቴምብር ነው! ንጹሕ ሰው “ደስ ይለኛል” ብሎ ጽፎ ይገላገል ነበር። ይህ ሰው ከመኪናው ቀረ፣ ከወሬው ቀረ፣ ቀና ብሎ ማየት ተወ። እኔ ነኝ እብዱ? አበድክ ትይኛለሽ፣ ግን ዓይኔ ያየውን አይቷል፤ ያ ሳህኑን የሚያይ ሰው!

ጠይቂው። እኔ ከዚህ ሆኜ አልችልም። ፊት ለፊት ቁሚና “ለምን ለንዋይ አልመለስክለትም?” በይው። ሳይነግርሽ እንዳትለቂው። ያለውንም ሳትጨምሪ ሳትቀንሺ ጻፊልኝ። ይህን ብቻ አድርጊልኝ፤ ሁለተኛ ስሙን አላነሳም።

ንዋይ

ሎስ አንጀለስ፣ ግንቦት 5 ቀን 1965 ዓ.ም.

ንዋይ፣

ጠይቂው አልከኝ፣ ጠየቅሁት።

የቴሲሴ ክርክር ሐሙስ ነበር። ሰው ሞልቷል፤ እትዬ ፀሐይወርቅ ከሥራ ቀርተው በነጠላቸው መጥተው ፊት ተቀምጠዋል። ብርሃነመስቀል እንደ ደንቡ ተነስቶ ተከራከረኝ። አልማረኝም፤ የደመወዙን ቁጥር በታትኖ አስለፋኝ፣ እኔም አልተኛሁለትም። በመጨረሻ “አንድ ቅሬታ አለኝ” አለ። “ጸሐፊዋ ሦስተኛውን ምዕራፍ አውጥታዋለች። ከዚህ ጽሑፍ ውስጥ የማይረሳኝ እሱ ነው። እንዲመለስ እጠይቃለሁ።” ፕሮፌሰር ሃሎራን ተቃወመ፣ ተሟገቱ፣ አዳራሹ ተሳተፈ። ምዕራፉ ተመለሰ። አልፌአለሁ፣ በማዕረግ።

ሰዉ ጭማቂ ሊጠጣ ወደ ሣሩ ሲወጣ እሱ ወረቀቱን እየሰበሰበ ቀረ። ገባሁና ያልከኝን ቃል በቃል አልኩት። ሳይነግረኝ እንደማልለቀው ነገርኩት። ያለኝን ሳልጨምር ሳልቀንስ ይኸው፣ “ሚዜ መሆን አያቅተኝም። ኮቱን እለብሳለሁ፣ መኪናውን በአበባ አስጌጣለሁ፣ እጨፍራለሁም። እህቴ ናት ብዬ መማል ግን አልችልም። ሞከርኩ፤ ‘እሺ’ ብዬ ጽፌ ሁለት ጊዜ ቀደድኩት። በቄስ ፊት አልዋሽም።” ከዚያ “ንዋይ ባይጠይቀኝ ኖሮ በሰኔ አገሬ እገባ ነበር፣ አንቺም ሳታውቂ ትኖሪ ነበር” አለኝ።

እውነቱን ነው ንዋይ። እስከዚያ ቀን ድረስ ከመሥመር የወጣ አንዲት ቃል ተናግሮኝ አያውቅም። እኔም በዚያ ዓይን አይቼው አላውቅም፤ ከፈለግህ በምትለው ነገር እምላለሁ። ያየኸው አንተ ነህ። ከሚኒሶታ ሆነህ በየደብዳቤህ እያሳየኸኝ፣ እየጠቆምክልኝ፣ በመጨረሻ መውጫ አሳጥተህ አናገርከው።

ሰኔ ሦስትን ተወው። ለአባቴ እኔው እጽፍላቸዋለሁ፤ ጥፋቱንም በራሴ ላይ አደርጋለሁ። ቀለበትህ እትዬ ፀሐይወርቅ ጋ ነው፤ አስተማማኝ ሰው ሲገኝ ይላክልሃል። በንዴት አይደለም የምጽፍልህ፤ ንዴቱ በመጋቢት አልቋል። ዓመት ሙሉ ስለሱ ጠየቅከኝ፤ ስሙን፣ አባቱን፣ ሬዲዮውን፣ ሳህኑን። ስለኔ ሥራ አንድ ጥያቄ ጠይቀኸኝ አታውቅም። ያ የላክሁልህ ጽሑፍ አሁንም ሳይነበብ ጠረጴዛህ ላይ እንዳለ አውቃለሁ።

ፋናዬ

ሚኒያፖሊስ፣ ግንቦት 12 ቀን 1965 ዓ.ም.

ፋናዬ፣

አልለምንሽም። ልመናው አልጠፋኝም፤ ሦስት ገጽ ጽፌ ምድጃ ውስጥ ከተትኩት። የዓይኔን ብርሃን በገዛ እጄ ነው ያጠፋሁት፣ ይገባኛል።

አንድ ነገር ብቻ። እሱ ያለውን ሳታስቀሪ ጽፈሽልኛል። አንቺ ያልሽውን ግን አልጻፍሽም። ደብዳቤሽን ገልብጬ ገልብጬ አየሁት፤ የለም። እሱ ይናገራል፣ ከዚያ አንቺ ለአባትሽ ትጽፊያለሽ። መሀሉ ላይ ምን አለ? ሰደብሽው? አለቀስሽ? ተቆጥተሽ ወጣሽ? ማወቅ አለብኝ፤ ካላወቅሁ ዕድሜ ልኬን እኔው እየፈጠርኩ እኖራለሁ፣ እንዴት እንደምፈጥር ደግሞ ታውቂኛለሽ።

ምን አልሽው?

ንዋይ

ሎስ አንጀለስ፣ ግንቦት 19 ቀን 1965 ዓ.ም.

ንዋይ፣

ተናግሮ ሲጨርስ ወረቀቱን ይዞ ሊወጣ ነበር።

“ቁጭ በል” አልኩት።

ፋናዬ